በጋለ ብረት ያልጮኽሁበት ምክንያት

ለውድ እህቴ ለዓቢዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? የጂዳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? አሠሪዎችሽ ያሳርፉሻል ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከጦርነቱ ሽሽት ወደ መርሳ ከተመለስን ወዲህ ቤቱ ሰው ሰው መሽተት ጀምሯል። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ስለሚጠፋ ይህን በጎረቤታችን በአብዱሰመድ እጅ ልኬልሻለሁ።

ዓቢዳ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። በነሐሴ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ቀኝ ደረቴን ከመታኝ በኋላ፣ ውጋት እንዳይገባብኝ ብለው አያ ሲራጅ በጋለ ብረት ሲተኩሱኝ ዓይኔን እንኳ እንዳላርገበገብሁ ሰምተሻል። እማ እልል አሉ። አንቺም «ወንድሜ ብረት ነው» እያልሽ ለጓደኞችሽ አወራሽ። እኔም ኩራቱ ጣመኝና ዝም አልሁ። እውነቱ ግን ምንም አልተሰማኝም ነበር። ከጡቴ በታች እስከ ጀርባዬ ያለው ቆዳ የሌላ ሰው ቆዳ ሆኗል።

በታኅሣሥ መጨረሻ ዙልፋን ደረቴ ላይ አስተኝቻት ሳለ ሀፍሳ ልታነሣት መጥታ ጮኸች፤ ልጃችን በትኩሳት ትነዳለች። ያን ያህል ስትግል አባቷ አላወቅሁም። እሷስ ተሻላት፣ እኔ ግን ላቅፋት ፈራሁ። ለሀፍሳ ያን ቀን ተናዘዝሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ አዲስ አበባ ይዛኝ ሄደች።

እዚያ ዶክተር ፋንቱ የሚባሉ ሐኪም ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ደረቴን በትንንሽ ኤሌክትሪክ ነካኩኝ። ከደረት የተነሣው ስሜት አንጎል እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይለካል። በግራ በኩል ሲነኩኝ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሄደው መስመር ወዲያው ብድግ አለ። በቀኝ ግን ዝም፤ ደጋግመው ደጋግመው ከነኩኝ በኋላ ዘግይታ አንዲት ትንሽ ጉብታ ታየች። ሀፍሳ ከእኔ ቀድማ አለቀሰች። ዶክተር ፋንቱም «ነርቩ ተጎድቷል እንጂ ጨርሶ አልተቆረጠም፣ ይድናል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም፣ በወራት ይታያል» አሉኝ። የብረቱን ጠባሳ አይተውም በማይሰማህ ቦታ እሳት አታስነካ ብለው ተቆጡኝ።

እማ ሰላም ይሉሻል። ሁሉንም ስነግራቸው «እንግዲያ እልልታዬን መልስልኝ» ብለው ሳቁ፤ ዞር ብለው ግን እንባቸውን ጠረጉ። አያ ሲራጅ ዱዓ ያደርጉልሻል፤ ብረታቸውን ለጊዜው አስቀምጠዋል። ሀፍሳም ናፍቀሻታል። ዙልፋን እስካሁን በግራዬ ነው የምታስታቅፈኝ። እኔ በቀን አንድ ጊዜ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ትኩሳት እንደሌላት ካየሁ በኋላ ወደ ቀኜ አዞራታለሁ። ትናንት የሆነ ሙቀት ነገር የተሰማኝ መሰለኝ። እርግጠኛ እስክሆን ግን ለእማም ለሀፍሳም አልናገርም።

ወንድምሽ ዓሪፍ
መርሳ፣ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.