ኖራ ላይ የተመረገ ጭቃ

ወሎ ሰፈር፣ ጥቅምት 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አበልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እግርዎ እንዴት ሆነ? እብጠቱስ ጎደለ? የናዝሬት ሙቀት ለእግር ይስማማል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለእርስዎ ግን ጠላት ሆነብዎ አሉ። ልጅዎና የልጅ ልጆችዎ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ በእርስዎ ጸሎት አለን። ገረመው ወገቡ አሁንም አልተመለሰለትም፤ አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲሸከም የኖረ ወገብ በእርጅና ይመለሳል ብዬም አልጠብቅ። ቀን ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲተች ይውላል። የክርስትና ልጅዎ አዝመራ በቁመት በልጣኛለች፣ በምላስም እንደዚሁ። እኔ ደክሞኛል፣ አበልጄ። ሌላ በሽታ የለብኝም። ስተኛም ስነሣም አብሮኝ ያለው ድካም ብቻ ነው።

ወንድሜ ሽፈራው ከናዝሬት ሲመለስ መልእክትዎን አደረሰኝ። ግድግዳውን መርገው ቀለም ቀቡት ሲሉ ሰማሁ፣ እንግዲህ ምን ልሳለም ብዬ እመጣለሁ፣ ብለዋል አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልኝ ብሏል። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ እሱ ራሱ ስለሆነ ዛሬ ሳልሸፋፍን እጽፍልዎታለሁ። አስነብበው ሲጨርሱ ምድጃ ውስጥ ይክተቱት።

እውነት ነው፣ ተመርጓል። የመረግሁትም እኔው ነኝ።

ሐምሌ ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እንግዶች ከአየር ማረፊያ ተነሥተው በእኛ መንገድ ስለሚያልፉ፣ ፊቱን ወደ አስፋልት ያዞረ ቤት ሁሉ በነዋሪው ጉልበት ታድሶ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ ተባለ። ያላደሰ ቤቱን ለሚያድስ ይለቃል። ጎረቤታችንን ጥሩነሽን ያውቋታል፣ አፏ አያርፍም። ጓሮውስ ብላ ጠየቀች። እንግዶቹ ጓሮ አይገቡም አሏት። እንግዲያው እኔም ፊቴን ብቻ ልታጠብ ብላ ሰውን አሳቀችው። እኔ ግን ሳቁም አልመጣልኝ። የት እንገባለን ብዬ ነው። የገረመው ጡረታ ሌላ ቤት አያስገባም፣ ዘመድም ሁለት ሴትና አንድ በሽተኛ አያስጠጋም።

ደግሞ በነሐሴ ዝናብ! ገረመው እንዳለው በነሐሴ ጭቃ የሚመርግ ወይ ያበደ ነው ወይ የታዘዘ ነው።

ቤት ለቤት እየዞረ የሚያየው የጥበቃ ጓድ እኛም ዘንድ መጣ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካና በመስኮቱ ወዲያ ካለው ጎን ሲደርስ ቆመ። ጣቱን ከቀዳዳዎቹ ባንዱ ከተተና ይሄ ምንድነው፣ አይጥ ነው እንዴ አለኝ። አዎ ጓድ፣ አይጥ ነው አልኩት። በመጀመሪያ እሱን ድፈኚ ብሎኝ ሄደ። ረስቶት ይሁን እያወቀ ይሁን ፊቱን ባየው ባየው አልገባኝም።

አይጥ ነው ባልኩበት አፌ ያን ቀን ውኃ እንኳ መጠጣት አስጠልቶኝ ዋለ። ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎን አምደሚካኤልን ያን ማለዳ ጥበቃዎቹ ከዚያ ግድግዳ ጋር አስደግፈው ሲያቆሙት እኛ ከውስጥ ወለሉ ላይ ተኝተን ነበር። ጥይቱ ጭቃውን አልፎ ማገሩ ላይ ሲቀር ሰምቼዋለሁ። ሬሳውን በመኪና ወሰዱት፤ የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እርስዎንም እንዳያለቅሱ ከለከሉዎ። ይህን የምጽፈው እርስዎ አያውቁትም ብዬ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዴም ከአፌ ስላልወጣ ነው። መቃብር ቢነፍጉዎ የኔን ግድግዳ መቃብር አደረጉት። በወር በወሩ በሚካኤል ዕለት ከቦሌ ሚካኤል ሲመለሱ፣ ናዝሬት ከገቡም ወዲህ ቢሆን በአውቶቡስ እየመጡ፣ ነጠላዎን የሚያስተካክሉ መስለው ቆም ይሉና መዳፍዎን ከቀዳዳዎቹ ላይ ያሳርፉ ነበር። እኔም ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ኖራ ስቀባ እነሱን እየዘለልኩ ነው የምቀባው። እርስዎም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልነገርኩዎ።

እና ሥራው ተጀመረ። ጭዱን ከጉርድ ሾላ ገበሬዎች ገዝቼ በአህያ አስመጣሁ። ጭቃውን አዝመራ ረገጠችው፤ ተማሪ ነኝ እኮ፣ በሬ መሰልኩሽ እንዴ እያለች። ሽታው አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ድረስ አቦካነው። እናቴ ምርጊት አስተምራ ነው የዳረችኝ፣ ያውቃሉ። አሮጌው ኖራ ተፍቆ ይነሣል፣ ከዚያ ግድግዳው እንደ ወፍጮ ይወቀራል፣ ከዚያ ነው ጭቃው የሚለጠፍ። ያልተወቀረ ኖራ ላይ የተለጠፈ ጭቃ እንግዳ ነው፣ ሰንበት ብሎ ይሄዳል ትለኝ ነበር።

ከበሩ በኩል ጀመርኩ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እየወጣሁ በመጥረቢያ ኖራውን አነሣሁ፣ ወቀርኩ፣ መረግኩ። ክንዴ የኔ አልመስል አለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መስኮቱን አለፍኩና እዚያ ጎን ደረስኩ።

መጥረቢያውን አንሥቼ ቆምኩ። ቁመቱ ልክ እዚያ ነበር፣ አበልጄ። የላይኛዋ ቀዳዳ ትከሻው ጋ ናት። አዝመራን ፊደል ሊያስጠና ሲመጣ ከዚያች መስኮት ሥር ይቀመጥ እንደነበር፣ ቆሎ እየቆረጠመ ሀ ሁ ሲያስብላት ድምፁ ማጀት ድረስ ይሰማኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። መጥረቢያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ጭቃ በእጄ ዘገንኩና እንዲያው በላዩ መለጠፍ ጀመርኩ።

ጥሩነሽ ከማዶ አይታኝ እየጮኸች መጣች። አንቺ ሴት አበድሽ፣ ኖራ ላይ ጭቃ ይይዛል ያለሽ ማነው፣ ይሄን ሁሉ ወቅረሽ ወቅረሽ እዚህ ስትደርሺ ምን ነካሽ አለችኝ። ደክሞኛል አልኳት። ፊቴን አየችኝ፣ ግድግዳውን አየችው። ቀሚሷን ሰብስባ በርከክ አለችና ጭቃውን እያድበለበለች ታቀብለኝ ጀመር። እስክንጨርስ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ አድርጌያለሁ። ለጋቢ ያስቀመጥኩት ባዘቶ ነበረኝ። ጭቃው እንዳይገባባቸው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በእሱ ሞላኋቸው። ልጅዎ ሳይገነዝ ነው የሄደው። እጄ ጥጡን ሲያስገባ ይህንኑ እያሰብኩ አለቀስኩ። ዝናብ ነበር፣ ማንም አላየኝ።

ቀለሙን ቀበሌው ሰጠን፤ ሊጡ የቀጠነ እንጀራ የመሰለ ቢጫ ነው። ከዚያ በኋላ የነበረብኝን ጭንቀት ምን ልበልዎ። ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ ያን ጎን በላስቲክ ስሸፍን፣ በዓሉ ሳያልፍ እንዳይወድቅብኝ ሚካኤልን ስለማመን ከረምኩ። ጓዱ ዳግመኛ መጥቶ አየው። ቀዳዳዎቹ የነበሩበትን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ አለኝ። እንግዶቹም አለፉ። በመኪና ነው፣ በፍጥነት ነው። ገረመው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ውሎ ወደኛ ዞሮ ያየ አንድ ሰው የለም አለኝ።

አሁን የጥቅምት ፀሐይ ወጥቷል። የወቀርኩት ጎን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፣ ለአዝመራ ልጆች ይተርፋል። ያኛው ጎን ግን ሆዱ ተነፋ። ሲያንኳኩት ባዶ ቤት ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ከላይ አንድ እንጀራ የሚያህል ወደቀ፣ ከትናንት በስቲያ ደግሞ ሌላ። ገረመው ባለሙያ አገባሁ ብዬ ስኮራ ኖሬ ይላል፣ እያላገጠብኝ። መልሼ ልለጥፈው ብዬ ነበር፣ ግን ደክሞኛል። የቀበሌ ሰዎችም ቢሆኑ በዓሉ ካለፈ ወዲህ ቀና ብሎ ግድግዳ የሚያይ የላቸውም። ቢጠይቁኝም መልስ አላጣም፤ የነሐሴ ጭቃ ነው፣ ምን ይደረግ እላለሁ።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እግርዎ እሺ ካለዎ ለኅዳር ሚካኤል ይምጡ። ሽፈራው ከአውቶቡስ ተራ ይቀበልዎታል። እኛ ዘንድ ያድራሉ። እስከዚያ የቀረውም ይረግፋል።

አምላክ እግርዎን ያበርታልዎ። የልጅ ልጆችዎን ቁም ነገር ሳያሳይዎ አይውሰድዎ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ፣ የልጆችዎን ክፉ አያሳይዎ፤ ያዩት ይበቃዎታል።

ሲመጡ ብቻ እንዳይደናገሩ። በመንገዱ ዳር ያለው ቤት ሁሉ አንድ ቀለም ተቀብቷል፣ የኔን ከሌላው አይለዩትም። ጭቃው የረገፈበትንና ነጭ ጥጥ ብቅ ያለበትን ይፈልጉ። እሱ ነው ቤቴ።

የደከመችው አበልጅዎ