ከኮርኒስዎ የወረደው ሰም

ለተከበሩ የእናቴ ወንድም፣

ሰላምታዬ ላብዎን እየጠራረገ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ? እኛ ደህና ነን፤ ናፍቆትዎ እንኳ አላከሳንም። ስምንተኛ ክፍልን ሦስቴ የደገመ ሰው ነኝና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሱኝ።

አጎቴ፣ ያንን በከረጢት የታሸገ ሰም ከኮርኒሱ በላይ ከደረደሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። መሐንዲሱ ሲያስረዳዎት ሰምቻለሁ። ሰሙ ቀን ቀን ሙቀቱን እየዋጠ ይቀልጣል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ማታ መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ካላገኘ ግን አይረጋም፤ ያልረጋ ሰም ደግሞ በማግስቱ ሙቀት አይውጥም። እርስዎም የገባው ሰው መስለው ራስዎን ነቀነቁ።

ያን ሰሞን እማዬን ሙቀት ጥሏት ነበር። አባቴ ሲሞት ቤቱን ለራስዎ አድርገው እሷን የከተቷት ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። ሐኪሙ ዳግመኛ ከወደቀች መነሳቷን እንጃ አለኝ። የተረፉትን ከረጢቶች ለእህትዎ ይስጧት ብዬ ብለምንዎት ምን አሉኝ?

«ለአህያ ማር አይጥማትም።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መቼም ሳቅ አላጣም።

ከዚያ ወዲያ ሰፈራችሁ ሌባ ገባ አሉ። ባለሱቋ ከማን እንደሰማች እንጃ፣ በመስኮት እየዘለለ የሚያንኮራፋ ሽማግሌ ይመርጣል ብላ አወራች። የእርስዎም መስኮት በጠጠር ሲንኳኳ ያመሽ ነበር አሉ። የሰው ቤት የወሰደ ሰው ሌባ ቢፈራ አይፈረድበትም፤ መስኮቱን ሁሉ ጠረቀሙት። ሰሙ ሳይረጋ ሰነበተ፣ ቤቱ ምድጃ ሆነ። መሐንዲሱ ማታ ማታ ይክፈቱ እንጂ ቢልዎት፣ ከሌባው ጋር ተማክረህ ነው ብለው አባረሩት። በመጨረሻ ይህን የማይረባ ቅባት አውርዳችሁ ጣሉልኝ አሉ።

ጋሪ ይዞ የመጣው ልጅ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነው አቧራ ፈርቶ ነው። እርስዎም ከረጢቶቹን ሲጭን ተባረክ ብለው መረቁት። ምርቃትዎ ደርሶታል።

እማዬ ቀትር ላይ አንሶላ ደርባ ትተኛለች፣ ፊቷም ተመልሷል። ሲመሽ መስኮቷን ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ እኛ ሰፈር የሚያሰጋ ሌባ የለም።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ በጋውንም አብሮ ያርዝምልዎ። ስለ ማሩ ደግሞ አይጨነቁ፤ ጥሟታል።

የእህትዎ ልጅ፣
ውርንጭላው