ሱፍ ይዞ ሐይቅ ዳር

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ተገኘ! ሐይቅ ዳር ቦታ ተገኘ! አርቪ የሚሉት ቤት የሆነ መኪና የሚቆምበት፣ ውሃና መብራት ያለው፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ውሻ የሚፈቅድ! ቡላን ጥለን አንሄድም፣ ይዘነው ስንል ቦታ የለም፣ እንዲህ እያልን ስንት በጋ አለፈን። ዛሬ ባሌ ታደሰ ከሥራ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ "አስኒ፣ ነገ እንሄዳለን፣ እስከ እሑድ" አለኝ። እልል አልኩ። ቡላም አብሮኝ ጮኸ።

እልልታዬን ስጨርስ ነው ማሰብ የጀመርኩት።

"ሰው ሰርዞ ነው የተገኘው" ይላል። ይሁን፣ ሰው ይሰርዛል። አርቪው ግን ከትናንት ጀምሮ ደጃችን ቆሟል! "የጓደኛዬ ነው፣ ላቆይለት ነው" ብሎኝ ነበር። ቦታው ሳይገኝ መኪናው ቀድሞ መጣ? እኔ ስለምነው ከርሜ ጆሮ ያልሰጠኝ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው?

ደግሞ ቅዳሜ ሐምሌ ገብርኤል ነው። ባሌን አውቀዋለሁ። ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የሚውል ሹፌር ነው፣ ለፋሲካ እንኳ ፈቃድ ለመጠየቅ ያፍራል። ለገብርኤል ግን ቀልድ የለም። እሱ ነው በገብርኤል ቀን ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄደው? አይመስለኝም።

ልጄ ቤዛ ደግሞ ጓሮ ሆና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። የሰማሁት ይኼን ብቻ ነው፦ "ሲያትል"፣ ቀጥሎ "ቅዳሜ"፣ ቀጥሎ "ዶንት ቴል እማ"፣ ለእማ አትንገር ማለቷ ነው። ብቅ ስል ዘጋችው።

"ማነው?"

"ኖ ዋን፣ እማ።"

አንድ ልጅ ነች ያለችኝ። ነርስ ሆናለች፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ይፈልጋታል። ሲያትል ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው። ውሃ እያሳዩ ሊነግሩኝ ነው፣ እንዳልጮህ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ደረስን። ከሳን ፓብሎ ተነስተን፣ ሳን ሆዜን አልፈን፣ የደረቀ ሣር የለበሰ ኮረብታ በኮረብታ ላይ። ከዚያ ድንገት ሰማያዊ ውሃ! ደስ ሲል። የዱር ቱርክ በመንጋ እንደ ባለሥልጣን መንገዱን ዘግቶ ያልፋል። ቡላ አብዶ ሊሞት ነው።

ታደሰ የቆሻሻ ውሃውን ቱቦ በንጹሕ ውሃው ቧንቧ ሊያስገባ ሲታገል፣ ከወዲያኛው አርቪ ፓም የምትባል አሮጊት ፈረንጅ መጥታ አዳነችን። ሁለት ትንንሽ ውሾቿን በሕፃን ጋሪ ነው የምትገፋው። በጋሪ! ቡላ በትዝብት አያቸው።

የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። ቤት ቡላ ጋራዥ ነው የሚያድረው፣ የእመቤቴ ሥዕልና ፀበሉ ያሉበት ክፍል እግሩን አያስገባም። እዚህ ግን ቤቱም ጋራዡም አንድ ክፍል ነው። ሥዕሏን ከሹፌሩ ወንበር በላይ ሰቀልኳት፣ ፀበሉን ከጎኗ፣ ቡላን ከኋላ በሩ ሥር፣ መካከል ላይ መጋረጃ። እመቤቴ ትረዳኛለች፣ ለልጄ ስል ነው።

መጋረጃውን ስሰቅል ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የታደሰ ጥቁር ሱፍ! ከነክራባቱ! ከነተወለወለ ጫማው!

"ታደሰ፣ ይኼ ምንድነው?"

"ምናልባት ቢበርደኝ።"

ቢበርደው! የዚህ አገር ሐምሌ ፀሐዩ የሚያቃጥልበት ነው። ሰው ሲበርደው ክራባት ያስራል?

ቤዛን "ሲያትል ይበርዳል ይባላል፣ አይደል?" አልኳት፣ እንደ ዘበት። ሳህኑን ማጠብ ትታ አየችኝ። "ዋይ?" ብቻ፣ ለምን ማለቷ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ጾም ነው፣ ሽሮ ሠርቼ ነበር። ሽታው ነው መሰለኝ ሰውየውን ያመጣው።

ከጎናችን አንድ አረንጓዴ ድንኳን ተተክሎ አደረ። ባለቤቱ ሐበሻ ነው። ወጣት፣ መልከ መልካም፣ ብቻውን። ፈረንጅ ብቻውን ካምፕ ያደርጋል፣ እናውቃለን። ሐበሻ ግን? ሐበሻ ለሽርሽር ከወጣ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው፣ አንድ ድስት ወጥና አንድ የተኳረፈ ዘመድ ይዞ ነው።

መጣና ወገቡ እስኪሰበር እጅ ነሳ። "ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ።"

እማማ! ፀጉሬን ባለፈው ሳምንት የተቀባሁትን!

ይኼ ሁሉ ምንም አይደለም። ቡላ ነው ጉዱን ያወጣው። ቡላ በፖስታ አምጪው ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደጮኸ ነው። የታደሰን ወንድም እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ይኼን ልጅ ሲያይ ግን ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ሮጠና በጀርባው ተገለበጠለት፣ ሆዴን እከክልኝ ብሎ!

ልጁም ሳያስበው "ቡላዬ! ናፈቅኩህ?" አለው።

"ስሙን ማን ነገረህ?" አልኩት።

ድንኳኑን አየ፣ ሐይቁን አየ። "ሲጠሩት ሰምቼ ነው።"

ከመጣን ጀምሮ እኔ "አንተ" ነው የምለው። ታደሰ በፉጨት ነው የሚጠራው። ቤዛ "ቤቢ" ነው የምትለው። ቡላ ብሎ የጠራው አንድ ሰው የለም! ቤዛን ዞር ብዬ ባያት ስልኳ ውስጥ ተቀብራለች።

ያኔ ሁሉም ተገጣጠመልኝ። በየቅዳሜው "ቡላን ኦክላንድ ያለውን ሐይቅ አዙሬው ልምጣ" እያለች ትወስደዋለች። እንደዚያ የሚዞር ውሻ መክሳት ሲገባው እየወፈረ ነው የሚመለሰው። ለካ የሚያበላው ሰው ነበር!

ሻይ ጠጣ ብዬ አስቀመጥኩት። ሚኪያስ ይባላል፣ ኮምፒዩተር ነው ሥራው፣ የምኖረው ካምቤል ከተማ ነው አለ።

"ሲያትልስ?"

ሻዩ ትን አለው። ቤዛ ጀርባውን ልትመታለት ተነሳችና መልሳ ተቀመጠች።

ሲያትል እውነት ነው ማለት ነው። ሊወስዳት ነው። በቤዛ ሻንጣ ሥር የራሴን የሐበሻ ቀሚስ ተጠቅልሎ አገኘሁት፣ ከነነጠላው። እኔን ለምን ሊያስለብሱኝ ነው? ሱፍ፣ ቀሚስ፣ ገብርኤል፣ ብቻውን የመጣ ልጅ። ሞኝ አይደለሁም። ነገ ምን እንደሚመጣ ገባኝ።

ለታደሰ አልነገርኩትም። ለእህቴ አልደወልኩም። ለፓም እንኳ አልነገርኳትም፣ እሷ ሐበሻ አታውቅም፣ ምን ነበረበት። አፌን ይዤ ዋልኩ። እኔ!

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19 (ገብርኤል)

በጠዋት ተነሳሁ፣ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ በተጣጣፊው ወንበር ላይ ሐይቁን እያየሁ ተቀመጥኩ። ቤዛ በፒጃማ ብቅ አለች።

"ዋት? እማ! ማን ነገረሽ?"

"ቡላ" አልኳት።

ታደሰ ከኋላዋ ሱፉን ግማሽ ለብሶ ደርቆ ቀረ። ያን ፊቱን ፎቶ ሳላነሳው መቅረቴ!

ትንሽ ቆይቶ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሙሉ ሱፍ፣ ከላይ ነጭ ጋቢ፣ የተወለወለው ጫማቸው አቧራ ለብሶ፣ ከኋላቸው ቱርኮቹ ተሰልፈው። ፓም ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝ፦ "ኦ ሃኒ፣ ማን ሞተባችሁ?"

ቡላ የታሰረው ደረጃው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲጠጉ ይጮሃል፣ ሲርቁ ዝም። የሁሉም ታላቅ ጋሽ በላቸው ቆመው፣ ከዘራቸውን ወደፊት አድርገው፦

"እባካችሁ መጀመሪያ ውሻችሁን ያዙልን። ከዚያ ልጃችሁን እንለምናለን።"

ሚኪያስ ከድንኳኑ ወጥቶ "ቡላ፣ ቁጭ!" አለ። ቁጭ። ከዚህ በላይ ምስክር ምን ያስፈልጋል?

"ተቀመጡ እንጂ" አልናቸው። "ጉዳያችንን ሳናደርስ አንቀመጥም።" እንደ ወጉ ቆመው፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ታደሰ ጉሮሮውን ጠርጎ "መክረን..." ብሎ ሊጀምር ሲል እኔ ቀደምኩት። የሴት ወገን እናት አትናገርም፣ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሲያስጨንቀኝ የሰነበተ ነገር ነው፣ አልቻልኩም።

"ልጄን ሲያትል ነው የምትወስዷት?"

ጋሽ በላቸው ግራ ገባቸው። "ሲያትል እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። የልጁ አጎት ነኝ። ትናንት ለዚሁ ጉዳይ በረርኩ። እነሱማ ካምቤል ናቸው። ከእናንተ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።"

"ትራፊክ ከሌለ" አለ ታደሰ።

አለቀስኩ። ምን ላድርግ። ቤዛም "እማ፣ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?" ብላ አቀፈችኝ። በአማርኛ፣ ሙሉውን! እኔም ቀሚሴን በእንባ አበላሸሁት።

በኋላ ታደሰን አፋጠጥኩት። ሽማግሌዎቹ "ለገብርኤል ቤታችሁ እንምጣ" ብለው ሲደውሉለት፣ የሴት ልጅ አባት ቶሎ እሺ አይልም ብሎ "በዚያ ሳምንት ሐይቅ ዳር ነን" አላቸው። ሐይቅም የለ፣ ቦታም የለ፣ ውሸቱን ነው! እነሱ ደግሞ "የትም ብትሆኑ እንመጣለን" አሉት። ቃሉ እንዳይታጠፍበት አርቪ ለምኖ፣ ቦታ ሲያስስ ከረመ።

"ለኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ከሰማሽ ከኔ በፊት የቴሜስካል ሰፈር ሐበሻ ሁሉ ይሰማል።"

ሐሜተኛ አደረገኝ! ከትናንት ጀምሮ አውቄ ዝም ያልኩት እኔ አይደለሁም?

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ዕቃ እየጫንን ነው። መጋረጃውን አውርጄዋለሁ፣ ቡላ ዛሬ የትም ይተኛ፣ ሥራውን ሠርቷል።

እንዳልዋሽ፣ ጥርጣሬዬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ካምቤል ይላሉ። ቤቱን በዓይኔ እስካይ፣ ቁልፉን እስካገኝ ድረስ አላምንም። ጋሽ በላቸውም ሲሰናበቱ "ሲያትልም መጥታችሁ ትጠይቁናላችሁ" አሉ። "ትጠይቁናላችሁ" ወይስ ልጆቹ መጥተው ይቀራሉ? እያየሁ ነው።

ግን እሺ ብለናል። ታደሰ መልሱን ቀጠሮ ሊያደርገው ሲያመቻች እኔ "እሺ ነው፣ አትቁሙ፣ ተቀመጡ" ብዬ ጨረስኩት። ቀለበቱ እዚሁ ሐይቅ ዳር እንዲሆን ተስማማን፣ ሰፊ የሽርሽር ቦታ አለ፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ ሬንጀሯን፣ ጠይቄ ክፍት ቀን አረጋገጥኩ። ፓምም ትመጣለች፣ እስክስታ እያሳየኋት ነው።

አሁን ስልኬን ይዣለሁ። ከአሁን በኋላ ማንም አፍሽን ያዢ ሊለኝ አይችልም። ለሁሉም እንዲህ ነው የምለው፦ የቤዛ ቀለበት ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት። የማይመጣ የለም። ውሻ ያለው ውሻውን ይዞ ይምጣ፣ ገመዱን ግን እንዳይረሳ።