አንቴና ያልተሰካለት ሬዲዮ

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የጋሼ ይመርን የትራክ መነጋገሪያ ሬዲዮ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ትናንት እንድጠግነው ሲያመጡት የተበጠሰው የማይኩ ሽቦ ብቻ ነበር። ቀጠልኩት። ቼክ ላደርግ ብዬ አንቴናውን ሳልሰካ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ጀማሪ እንኳ የማያደርገውን። ኃይሉ መውጫ አጥቶ የማሰራጫው ትራንዚስተር ወዲያው ተቃጠለ። የድሮ ሬዲዮ ቢሆን በካቻቢቴ ፈትቼ እቀይረው ነበር። ይህን የሠሩት ሰዎች ግን ይጠገናል ብለው አላሰቡም። የውስጥ ዕቃዎቹ የስንዴ ፍሬ ያክላሉ፤ ቁጥራቸውም ተፍቋል።

ዛሬ ጠዋት መጥተው «ምን ነካው?» አሉኝ።

«የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው» አልኳቸው። ስለ አንቴናው አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ የመበየጃ ስታኞ ልገዛ፣ ሬዲዮውን ለጋሼ ይመር የሸጠላቸው ከድር ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ሱቁ ገባሁ። ጋሼ ይመር ሬዲዮውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ይጮኻሉ።

«ነገ ስልክ የማይሠራበት ተራራ ነው የምወጣው! ቶስተር ብትሸጥልኝ ዳቦ እንኳ እበላበት ነበር!»

«ወላሂ ጋሼ፣ ከዚህ ዓይነት አንድም ተመልሶብኝ አያውቅም።»

«ይኸው ተመለሰብህ!»

ከድር ከመደርደሪያው አዲስ አውርዶ ሰጣቸው። የተቃጠለውን ማንም እንደማይተካለት አውቃለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ባለሙያ ነህ፣ ንገረኝ እስቲ። ዕቃው መጥፎ ከሆነ የቀሩትንም ለአከፋፋዩ ሪተርን ላድርጋቸው?»

ጋሼ ይመር ምስክር እንዳገኘ ሰው ፈገግ አሉ።

ልገዛ ያነሳሁትን ስታኞ ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።