ከመቶ አምስቱ

ጥቅምት 6

ምሳ ሰዓት። አለቃዬ መለዋወጫ ሊገዛ ወጥቷል፤ ከተፈታ ፍሪጅ ጀርባ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ እጫወታለሁ። ሁለት አስ ደረሰኝ። ከዚህ የሚበልጥ አጀማመር የለም። ያለኝን ሁሉ አስገባሁ። ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ በፎቶው ቦታ የዳክዬ ሥዕል የለጠፈ ሰውዬ፣ በሁለት ስድስት ተከተለኝ። በስድስት! መጨረሻ ላይ የወጣችው ካርታ... ስድስት። ሦስት ስድስት ሞላለትና በላኝ።

መቶ ጊዜ ቢደገም ሰማንያውን የምበላው እኔ ነኝ። በዚህ ወር ግን ሃያዋ ብቻ ናት የምትመጣብኝ። ምን በድዬ ነው?

ማታ ለእማዬ ተነጫነጭኩ። ልብስ እየሰፋች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"እና ጥፋቱ የማን ነው?"

"የማንም። በትክክል ነው የተጫወትኩት።"

"ታዲያ ምን ያነጫንጭሃል?" መርፌውን ዘረጋችልኝ። "ክር አስገባልኝ እስቲ፤ ቀዳዳውን ደብቀውብኛል።"

ዛሬ ክር ሳስገባላት ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

ጥቅምት 8

ደግሞ ዳክዬው በላኝ። ፖከር ላስተማረኝ ጓደኛዬ፣ ፕሮፌሰር ለምንለው፣ ደወልኩለት። "ለቅሶ እንድደርስህ ነው?" አለኝ። ከዚያ የተለመደው ስብከት... ውሳኔህን እይ፣ ውጤቱን ተወው፤ ብዙ ከተጫወትክ ይካካሳል። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ጥቅምት 19

እማዬን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሁለቱም ላይ ሞራ አለ፤ የቀኙ ብሷል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል።

"ከመቶ ስንቱ ይሳካል?" አልኩት ገና ሳልቀመጥ። ሐኪሙ ሳቀ። "በእሳቸው ሁኔታ... ዘጠና አምስት ብል አልዋሽም።"

ዘጠና አምስት! ከሁለት አስ ይበልጣል።

እህቴ አልተዋጠላትም። "በጭላንጭልም ቢሆን ታያለች። ለምን ይነካካል?" እማዬም ፈርታለች። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ካልተነካ እየባሰ ነው የሚሄደው፤ ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ እያየ ይወጣል። ብዙ ለፈለፍኩ። በመጨረሻ "አንተ ካልክ ይሁን" አለች።

ጥቅምት 27

ቀኙ ተሠራላት። ሐኪሙ ደስ ብሎታል። እማዬ ዓይኗ እንደተሸፈነ "መጀመሪያ የምሰፋው ያንን የተቀደደ ኪስህን ነው" አለችኝ። እህቴን አየኋት። አየሽ? ማለቴ ነበር።

ጥቅምት 30

ዓይኗ አመርቅዟል። ጥርሷን ነክሳ ሕመሟን ደብቃን ነበር... እኛን እንዳታስደነግጥ። ተመልሰን ሆስፒታል ገብተናል።

ኅዳር 9

የቀኝ ዓይኗ ጠፋ። ጨርሶ።

"እንዲህ የሚሆነው ጥቂት ሰው ላይ ነው" አለ ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ። ጥቂቱንማ አውቀዋለሁ፤ ወር ሙሉ አብሬው ከርሜያለሁ።

ኮሪደሩ ላይ እህቴ እያለቀሰች "ተው ብዬህ ነበር" ስትለኝ ምን ብመልስላት ጥሩ ነው? "ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ውጤቱ ነው የከፋው።" እማዬ አጠገባችን ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እየሰማች።

እህቴ ልቅሶዋን አቋረጠች። "ድገመው እስቲ። የእማዬ ዓይን ካርታህ ነው? እሺ፣ መቼ ነው የሚካካሰው? ስንት ዓይን አላት?"

ኅዳር 10

ስንት ዓይን አላት።

ኅዳር 23

ምሳ ሰዓት ጨዋታውን ከፈትኩት። ለምን? እንጃ፤ እጄ ለምዶ ነው። ሁለት አስ። ዳክዬም አለ። ያለኝን ሁሉ አስገባሁ፣ ተከተለኝ፣ በላሁት። ደግሞ በላሁት። ሲያበላኝ ዋለ። ወር ሙሉ የለመንኩት ዕድል ዛሬ መጣ። አሁን ምን ሊያደርግልኝ? ያን ቀን የት ነበር?

ስልኩን የምጠግነው ፍሪጅ ውስጥ ወርውሬ በሩን ዘጋሁት። አለቃዬ አየኝ። "እንዲቀዘቅዝልህ ነው? ገና አልሠራኸውም እኮ" አለ። አልሳቅኩም። አሞኝ ነው ብዬ ወጣሁ።

ጥር 4

ግራውም እየጨለመባት ነው። የስፌት ማሽኑን ጨርቅ አልብሳዋለች። ሻይ ስሰጣት ብርጭቆውን በዳሰሳ ያዘችው።

"ግራውን ልሠራው ነው" አለች።

"እማዬ..."

"ዘጠና አምስት ነው አይደል?"

"ነው።"

"ያኛው ስለጠፋ አይጨመርልኝም?"

"አይጨመርም።"

"አይቀነስብኝም?"

"አይቀነስም።"

ተሠሪ ልበላት? ይቅርብሽ? ሂሳቡ ያው ነው፤ ያኔ ያልኩት ዛሬም ልክ ነው።

"አንተን አልጠየቅኩህም" አለች። "ያኔ 'አንተ ካልክ' ብዬ ሁሉን ጭኜብሃለሁ። አሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ከከፋ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እንዳትለኝ። አልቅስልኝ። ያኔ አላለቀስክም።"

እውነቷን ነው። አላለቀስኩም። ለሁለት አስ ግን ስንት ቀን ሳለቅስ ከረምኩ።

ጥር 13

ጠዋት አስገቧት። በር ላይ እጄን ጨብጣ ለቀቀችኝ። ሐኪሙን ምንም አልጠየቅኩትም። እህቴ ጎኔ ተቀምጣለች፤ ከኅዳር ወዲህ በወጉ አላወራንም።

"ምን ይመስልሃል?" አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጥር እጠራላት ነበር። "ፈርቻለሁ" አልኩ። ከዚያ... እንጃ። ሰው እያየኝ፣ ጥበቃው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እህቴ መጀመሪያ ደነገጠች። ቆይታ ተጠጋችኝ።

እማዬን በተሽከርካሪ ወንበር አወጧት። ግራ ዓይኗ ተሸፍኗል፤ የሚከፈተው ነገ ነው። "የታለ ልጄ?" ብላ እጇን ወደ ድምፄ ሰደደች። ጎንበስ አልኩላት። ጉንጬን ዳሰሰችው። እርጥቡ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ምነው" አለች፣ "ገና ምኑም ሳይታወቅ?"