ሊዲ ያሰመረችልኝ ሁለት መስመሮች

እንደ እናት ላሳደጉኝ እህቴ፣ ለእትዬ አበዛሽ፤

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ዓይንዎ እንደደከመ ሰምቻለሁና ልጅዎ ይመር ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ኮሜርስ ሲቲ ያለው የመጋዘን ሥራዬም አልተቋረጠም። ከዚያ አልፌ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ የዋሸሁት ይበቃኛል።

ልጄ ሊዲ ቅዳሜ ትሄዳለች። ኦሪገን ሥራ አግኝታለች። ኤርፖርት ላድርስሽ ብላት ታክሲ እጠራለሁ አለችኝ።

ግንቦት ላይ ጌጥነሽ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ሊዲ ከኮሌጇ እየመጣች እናቷ አጠገብ ታጠና ነበር። አንድ እሑድ ምን እንደምታጠና ብጠይቃት፣ በምግብ ማዘዣው ወረቀት ጀርባ ሁለት መስመር ጎን ለጎን አሰመረችልኝ። ኮምፒውተር ላይ የምትፈትሻቸው የኤሌክትሪክ መንገዶች ናቸው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲመለስ፣ ዲፈረንሻል የሚሉት፣ አንዱ ለአንዱ ያቀልለታል፤ ኢምፒዳንሱ፣ ማለት የሚገጥመው እንቅፋት፣ ይቀንሳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጭነት በአንድ አቅጣጫ ሲሸከሙ ግን፣ ኮመን የሚሉት፣ በእያንዳንዱ ላይ እንቅፋቱ ይብሳል። እንዴት ተደርጎ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል ወይ አልኳት። ኖ አባዬ፣ እዚህ ተረትህ አይሠራም ብላ ሳቀች። ጌጥነሽም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስትስቅ አላየኋትም።

ማክሰኞ አረፈች። የሊዲ ፈተና ሐሙስ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ልጅቷ ትፈተን፣ መርዶውን በወጉ እናረዳታለን አሉ፤ እርስዎም በስልክ እንዲሁ አሉኝ፣ አልወቅስዎትም። ሊዲ በደወለች ቁጥር እናትሽ ተኝታለች አልኳት። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሯን አንኳኳን። ፈተናውን አልፋለች፤ የሁለቱ መስመሮች ጥያቄም መጥቶ ነበር። እኔን ግን፣ እናቴ ሞታ ሁለት ቀን ስለ ሽቦ አስጨነቅኸኝ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ኀዘን ተሸክመን በየክፍላችን እንዘጋለን። ብትሰድበኝና ብመልስላት ይሻል ነበር። ዳዊት ስደግም መስመሮቹን ያሰመረችበትን ወረቀት በገጾቹ መሐል አገኘዋለሁ። መርዶውን የደበቅሁት ለእሷ አስቤ ነው እል ነበር፤ ፊቷን ፈርቼ ነው። ይህን ልነግራት ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ቅዳሜም የምነግራት አይመስለኝም።

ፀዳልን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችንን አባይነህን ሰላም በሉልኝ። ይመር፣ ይህን የምታነበው አንተ ነህና አደራዬ ባንተ ላይ ነው። እዚያ ቤት አንድ ነገር የሆነ እንደሆነ፣ ሥራ ላይ ነው፣ ይደነግጣል ሳትል በዚያው ሰዓት ደውልልኝ። ሽማግሌ አትላክብኝ።

ወንድምዎ ደምሰው
ፒዮሪያ ስትሪት፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.