ወንድሜን ከሰው አገር ስላስቀሩልኝ

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ
የደጋው ኮከብ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ የዘንድሮው ብርድ በእኛ ላይ እንደ ጠናው በእርስዎ ላይ እንዳልጠና፣ ጤናዎም የተሟላ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሕይወት ተፈራ በጎረቤላ መምህርት ስሆን፣ የክለብዎ ተጠባባቂ በረኛ የነበረው የኤፍሬም ታላቅ እህት ነኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝና ስለ ዋሉለት ውለታ ማመስገን የሚገባኝ እኔ ነኝ። ቢሮዎ ብመላለስም ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ በአደባባይ በመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩. ኤፍሬምን በጎረቤላ ሜዳ አይተው «ይህ ልጅ ሀብት ነው» ብለው ስላስፈረሙት አመሰግናለሁ። ሀብት እንዳያልቅ ተብሎ ይመስለኛል፣ ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሣም። አሠልጣኙን ብጠይቃቸው «ልምድ የለውማ» አሉኝ፤ ልምዱ ከየት እንደሚመጣ ብጠይቅ ደግሞ ወደ እርስዎ መሩኝ።

፪. በክለቡ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስላሰሙን ንግግርም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የእንግሊዝ ወጣቶች በአገራቸው ስመ ጥር ክለብ ሞልቶ ሳለ፣ መሰለፍ ሲያጡ ጀርመን ድረስ ሄደው ተጫውተው፣ በስለው እንደሚመለሱ ሲያስረዱን፣ «ወጣት ካልወጣ አያድግም» ሲሉም አዳራሹ አጨበጨበ። እኔና ኤፍሬምም ከኋላ ቆመን አጨበጨብን። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ላይ በሙከራ ጨዋታ ያየው የታንዛኒያ ክለብ ሊወስደው ሲጠይቅ፣ ንግግርዎን አምነን መልቀቂያ ልንለምን መጣን።

ወንበር ሰጡን። ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ከአገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ነው። ልጁ የክለቡ ንብረት ነው፤ እዚሁ ይብሰል» አሉን። ኤፍሬም አንገቱን እንደ ደፋ፣ «ጋሼ፣ የእንግሊዞቹ ልጆችስ?» አለዎ። «እነሱ እንግሊዞች ናቸዋ» አሉት። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ከባለሥልጣን ማግኘት ብርቅ ነውና አመሰግናለሁ። የዝውውሩ ጊዜም አለፈ።

ሦስተኛውን ቁጥር መጻፍ ከብዶኝ ትቼዋለሁ።

ኤፍሬም ልምምድ መሄድ ተወ፤ ከሰው ጋር መብላትም ተወ። አንድ ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ደላላ ተከትሎ በአፋር በረሃ መውጣቱን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። በመጨረሻ ከጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከባሕሩ ዳር ደወለ። «እትዬ፣ አትቆጪኝ። ጀልባ እየጠበቅን ነው። ሳውዲም ቢሆን ኳስ ሜዳ አይጠፋም» አለኝ። እንዲመለስ ለመንሁት። «ተመልሼ የት ልቀመጥ?» ሲል ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አይጠራም። በዚያ ሰሞን አንድ ጀልባ ተገለበጠ ተባለ፤ የማንን ልጆች እንደያዘ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ክፍል ገብቼ የተማሪዎቼን ስም ስጠራ የእሱንም እጠራለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ በአውሮፕላን፣ ውል ይዞ፣ በሕግ ልሂድ ብሎ ነበር የለመነዎ። አሁን የምለምነው መልቀቂያ አይደለም። ውሉ ዛሬም በእርስዎ እጅ ነውና፣ ተጫዋቼ ጠፋብኝ ብለው በክለቡ ማኅተም ጅቡቲ ላለው ኤምባሲያችን ይጻፉልኝ። የአስተማሪ ደብዳቤ ማንም አያነብም። በሕይወት ካለ ይታወቅ፤ ከሌለም ልቀመጥና ላልቅስ።

ከትሕትና በቀር ምንም ያልቀረኝ፣ በደጅዎ መቆም ያላሳፈረኝ፣
አክባሪዎ ሕይወት ተፈራ
ጎረቤላ፣ አንኮበር

ማስታወሻ፦ በቅዳሜው ጨዋታ በረኛዎ ተጎድቶ ሲወጣ ተከላካዩ ጓንት አጥልቆ እንደ ቆመና ግብ እንደ ዘነበበት ሰማሁ። እርስዎም ከክብር ወንበርዎ ተነሥተው፣ «ተጠባባቂው በረኛ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ አሉ። መልሱን የነገረዎ ሰው ካለ፣ እባክዎ ወደ እኔም ይላኩት።